መልስ፦ ማታ መንገድ ላይ እጅሽን ቢይዝሽ

እህቴ፣ ከሥራ አምሽተሽ ስትመለሺ አንድ ሰው እጅሽን ጨምድዶ ቢይዝሽ እንዴት እንደምታስለቅቂ ጠይቀሻል። ወደ ኋላ እየጎተትሽ ጉልበት አትጋፊው። የሚይዝሽ እጅ የሚደክመው አውራ ጣቱና ሌሎቹ ጣቶቹ በሚገናኙበት ክፍተት ላይ ነው። የእጅ አንጓሽን ቀጭን ጎን ወደዚያ ክፍተት አዙሪ፤ ከዚያ ክርንሽን አጥፈሽ እጅሽን በአንድ ጊዜ ወደ ትከሻሽ መንጭቂው። አራቱ ጣቶች የቱንም ያህል ቢጠነክሩ አውራ ጣት ብቻውን የመላ ክንድሽን ኃይል መቋቋም ይከብደዋል። ከጓደኛሽ ጋር በሁለቱም እጅ ደጋግመሽ ተለማመጂው፤ ያልተለማመዱት ነገር በድንጋጤ ሰዓት አይታወስም።

እጅሽ እንደተለቀቀ ልምታው ብለሽ አትቁሚ። እየጮኽሽ ሰውና መብራት ወዳለበት ሱቅ ሩጪ። የፈለገው ቦርሳሽን ከሆነ ወርውሪለት፣ ይውሰደው!

«ለምን አመሸሽ?» የሚሉሽን ደግሞ አትስሚያቸው፤ ሠርቶ መግባት ጥፋት አይደለም።

ከሁሉም የምለምንሽ ግን፣ ሹፌሩና ረዳቱ ብቻ ባሉበት ሚኒባስ በምሽት አትሳፈሪ። የግድ ከሆነብሽ የሰሌዳ ቁጥሩን ሳትገቢ ለቤተሰብሽ ላኪ። አዲስ አበባ ከሆንሽ የፖሊስን 991 ስልክሽ ላይ አሁኑኑ መዝግቢ።