20 ኪሎ ገብቶ 17 ኪሎ ሲወጣ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት በርበሬ አዘጋጅታ መሸጥ የጀመረች ወጣት «እትዬ፣ ሚዛን መግዛቱን ለጊዜው ብተወውስ? ያለኝ ብር ለማሸጊያና ለመለያ ነው የበቃኝ» አለችኝ። ይህን ስሰማ ከብዙ ዓመት በፊት ለሱቆች በርበሬ ታቀርብ የነበረች አንዲት ሠልጣኝ ትዝ አለችኝ። ሥልጠናው መሃል ተነሥታ «ደንበኛ አለኝ፣ እሸጣለሁ፤ ታዲያ ለሚቀጥለው ዛላ መግዣ የማጣው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። «ሽያጭሽን አሳድጊ» ተባለች። ያን ያልኳት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሒሳቧን እዩት፤ ብሩ የዚያን ጊዜ ዋጋ ሳይሆን ለስሌት እንዲቀል ያስቀመጥኩት ነው። 20 ኪሎ ዛላ በ300 ብር ሒሳብ 6,000 ብር። ኮረሪማ፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጨው 1,500 ብር። ወፍጮ 300፣ ላስቲክና መጓጓዣ 400። በድምሩ 8,200 ብር። ይህን ለ20 አካፍላ «ኪሎው 410 ብር ፈጀብኝ» አለች፤ 40 ብር ጨምራ በ450 ሸጠች። በእሷ ቤት 800 ብር አትርፋለች።

ዛላው ግን 20 ኪሎ እንደሆነ አልዘለቀም። ሲቀነጠስ ጭራው፣ የበሰበሰውና አፈሩ 3 ኪሎ ወሰደ። ተደልዞ እንደገና ሲሰጣ 1 ኪሎ ተኩል እርጥበት ወጣለት። ወፍጮ ቤት በብናኝና ወፍጮው ውስጥ በመቅረት ግማሽ ኪሎ ሄደ። 15 ኪሎ ቀረ። ቅመሙና ጨዉ 2 ኪሎ ቢመልሱ የታሸገው 17 ኪሎ ነው። 8,200 ለ17 ሲካፈል 482 ብር ይመጣል። በ450 ሸጣ የሰበሰበችው 7,650 ብር ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር 550 ብር ከኪሷ ትጨምር ነበር። የራሷን ጉልበት ገና አልቆጠርኩም።

ምክሬን ሰምታ ተበደረችና 40 ኪሎ ገዛች። ኪሳራውም እጥፍ ሆነ። በዚያ ላይ ለማድረስ ስትጣደፍ ትኩሱን አሸገችው። ወፍጮ ሲፈጭ በርበሬውን ያግለዋል፤ ሳይበርድ ላስቲክ ከተዘጋበት በውስጥ በኩል ያልበዋል፣ ዱቄቱ ጥግ ጥጉን ይጓጉላል፣ ከዚያ ይሻግታል። አንዱን ላስቲክ ገልብጬ ሳየው ከሥሩ እንደ ጥጥ የነጣ ነገር ይዞ ነበር። «ፀሐይ ላይ ባሰጣውስ?» አለች። ማስጣት ሻጋታውን ያደርቀው ይሆናል፤ ሻጋታው ሊተወው የሚችለው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ግን ወጥ ውስጥ ተቁላልቶም አይጠፋም። በርበሬው ተጣለ።

ስለ ድርቀት ካነሣሁ፣ እናቶቻችን ዛላ ሲገዙ ጆሯቸው ሥር ይነቀንቁታል። ዘሩ ከተንሿሿ፣ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ ከሆነ ግን በበርበሬ ዋጋ ውሃ እየገዛችሁ ነው። ወፍጮ ቤት ስትደርሱም ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ፤ ከበርበሬ በኋላ የገባ ሽሮ የመጀመሪያው ኪሎ ቀልቶና አቃጥሎ ነው የሚወጣው።

የዛሬ ልጆች በስልክ ገበያ መፍጠራችሁ ያስደስተኛል፤ ለእኛ ዘመን ያልነበረ ዕድል ነው። ከሚዛን በፊት መለያ ማሠራታችሁን ግን ልቤ አይቀበለውም። መለያው ላይ «1 ኪሎ» ብላችሁ የምትጽፉት በምን መዝናችሁ ነው?

በቶጎ በ1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። በራስ ተነሳሽነት ላይ የሠለጠኑት ትርፋቸው በ30 በመቶ ሲያድግ፣ የተለመደውን የንግድ ሥልጠና የወሰዱት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ጥናቱን አምነዋለሁ። ያቺ ሴት ግን ተነሳሽነት አልጎደላትም፤ ተበድራ 40 ኪሎ ለመግዛት የደፈረች ናት። የጎደላት ከወፍጮ የወጣውን መመዘን ነበር፤ ያንን ደግሞ ማንም አላሳያትም።

ብድርን በተመለከተ፣ ቢያንስ ሦስት ዙር መዝናችሁ ትርፉን በዓይናችሁ ሳታዩ አትበደሩ። እንዲህ እያልኩም ዛላ የሚረክሰው አዝመራው ሲገባ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያኔ እጇ ላይ ብር የሌላት ክረምት ሲመጣ በውድ ትገዛለች፣ ማስጫ ፀሐይም አታገኝም። ስለዚህ ለዚያ ወቅት ብቻ ብትበደሩ አልቃወምም። እቁብ ካላችሁ ግን ዕጣው በዚያ ሰሞን እንዲደርሳችሁ ከዳኛው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ወለድ የለበትም።

ለጠየቀችኝ ልጅ «ሚዛን ግዢ፤ ካልቻልሽ የሰፈርሽን ባለሱቅ አስመዝኚ» አልኳት። አራት ጊዜ ነው የምትመዝነው፦ ስትገዛ፣ ቀንጥሳ ስትጨርስ፣ ደርቆ ወደ ወፍጮ ሲሄድ፣ ተፈጭቶ ሲበርድ። ቁጥሮቹን እዚያው ማዳበሪያው ላይ በእስክሪብቶ ትጻፋቸው። ቅዳሜ 10 ኪሎ የማረቆ ዛላ ልትገዛ ነው፤ አራተኛውን ቁጥር እንድትልክልኝ ነግሬያታለሁ።