የአየር ፊልትሮ የሚቀየረው በኪሎ ሜትር ነው ወይስ በአቧራ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከለገጣፎ ወጣ ብሎ በሚገኝ አዲስ ሰፈር ነው። ከአስፋልቱ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ስለምሄድ፣ ቪትዝ መኪናዬ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ከአቧራ ወጥታ አታውቅም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የሞተር ዘይት ሳስቀይር መካኒኩ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ በኮምፕሬሰር ይነፋና መልሶ ይገጥመዋል፤ ከገዛኋት ጀምሮ ግን አንድም ጊዜ አልተቀየረም። አሁን ዳገት ላይ ጉልበት አጥሯታል፤ ማራገቢያውን ስከፍት ደግሞ የአቧራ ሽታ ይመጣል። ፊልትሮው መቼ ነው መቀየር ያለበት? ነዳጅስ ያስበላል? ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ የተነሡት ሁለት የተለያዩ ማጣሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ያጣራል፤ ሽታውን የሚመለከተው ሁለተኛው ግን እርስዎ የሚተነፍሱትን አየር የሚያጣራ ነው። ሞተር የሚያስወርደው የመጀመሪያው ስለሆነ ከእርሱ እንነሣ።

አብዛኞቹ አምራቾች የሞተሩ ማጣሪያ ከ20,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲቀየር ያዛሉ፤ ይሁን እንጂ እዚያው መመሪያ ላይ አቧራማ መንገድ ለሚበዛበት መኪና ጊዜው በእጅጉ እንዲያጥር ተጽፏል። የእርስዎ መኪና የምትመደበው በዚህ በሁለተኛው ነው። በመሆኑም በበጋ ወራት ዘይት በተቀየረ ቁጥር ማጣሪያውን ማየት፣ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም ቢዘገይ በዓመት አንድ ጊዜ መቀየር ተገቢ ነው እንላለን። በክረምት ጎርፍ ውስጥ አልፈው ወረቀቱ ረጥቦ ካገኙት ግን ቀኑን ሳይጠብቁ ይለውጡት።

አጥብቀን ልናሳስብዎ የምንፈልገው የኮምፕሬሰሩን ነገር ነው። ማጣሪያው የተሠራው ከተጣጠፈ ወረቀት ሲሆን፣ ደቃቁን አቧራ የሚይዘው በወረቀቱ ቃጫዎች መካከል ነው። ለጎማ መንፊያ የተዘጋጀ ግፊት አፉ ተጠግቶ ሲለቀቅበት ወረቀቱን ዓይን በማያየው መጠን ሊበሳው ይችላል፤ ከቆሻሻው ወገን ከተነፋ ደግሞ አቧራውን ወደ ንጹሑ ወገን ያሻግረዋል። በዚያ በኩል ያለፈው አፈር ከዘይት ጋር ተለውሶ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ሪንግ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል፤ ሞተሩ ዘይት መብላት የሚጀምረውም ከዚህ በኋላ ነው። ጥቂት አቧራ የያዘ ማጣሪያ ከአዲሱ እንኳ በተሻለ እንደሚያጣራ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ስለዚህ ያለ በቂ ምክንያት እየከፈቱ ማራገፍ ጥቅም የለውም። አዲስ እስኪገዙ ድረስ የግድ መንፋት ካለብዎ ግፊቱ ተቀንሶ፣ አፉን አርቀው፣ ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው ይንፉት። በውኃም ሆነ በቤንዚን ግን አይጠቡት።

የእርስዎ ማጣሪያ አቧራ ማሳለፉን ለማወቅ ሣጥኑን ከፍተው፣ ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ አመልካች ጣትዎን ያሹት። ያ ቦታ ንጹሕ መሆን ያለበት ነው፤ ጣትዎ አፈር ይዞ ከወጣ ወይ ወረቀቱ ተቀዷል፣ ወይ የዙሪያው ላስቲክ በደንብ አልገጠመም። ቀጥሎም ማጣሪያውን ወደ ፀሐይ አንሥተው ይመልከቱት፤ ብርሃን ከቶ የማያሳልፍ ከሆነ ዕድሜው አልቋል፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ነጥብ ሆኖ የሚያበራ ነገር ካዩበትም መጣል አለበት።

ስለ ዳገቱ የጠየቁት ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አካባቢያችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቀድሞውንም አየር ያጠረው ሞተር ማጣሪያው ሲደፈንበት ይበልጥ ይታፈናል። ከተቀየረ በኋላም ጉልበቷ ካልተመለሰ ካንዴላዎቹንና የቤንዚን ፊልትሮውን ያስፈትሹ። ነዳጅን በተመለከተ፣ የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ ነዳጅን በኮምፒዩተር በሚመጥኑ ዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ላይ የተደፈነ ማጣሪያ ፍጥነት የመጨመር አቅምን እንጂ የነዳጅ ፍጆታን እምብዛም እንደማይነካ አሳይቷል። የእርስዎም መኪና ከዚህ ዓይነት ስለሆነች፣ ፊልትሮ በመቀየር ብቻ የነዳጅ ወጪዎ በግልጽ ይቀንሳል ብለን ልንነግርዎ አንችልም። ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ግን ጭማሪው ይታያል።

ለመቀየር ጋራዥ መሄድ አያስፈልግዎትም። ሞተሩ ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ኮፈኑን ከፍተው የሣጥኑን ክሊፖች ያላቁ፤ ክዳኑ ላይ የተያያዘ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ እንዳይጎትቱት ይጠንቀቁ። አሮጌውን ሲያወጡ አፈሩ ወደ ቱቦው እንዳይራገፍ ቀስ ብለው ያንሡት፤ የሣጥኑን ውስጥ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ። አዲሱን ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱና ጎን ለጎን አድርገው ይለኩት፤ እጥፋቱ እኩል፣ ላስቲኩም ሲጫኑት ለስላሳ መሆን አለበት። ክዳኑን ሲመልሱ ክሊፖቹ በግድ የሚገቡ ከሆነ ማጣሪያው ቦታውን አልያዘም ማለት ነውና አውጥተው እንደገና ያስተካክሉት፤ በአንድ ጥግ ክፍት የቀረ ላስቲክ ከአሮጌ ማጣሪያ የከፋ ጉዳት ያመጣል።

የሽታው ማጣሪያ በአብዛኞቹ ቪትዞች ላይ የሚገኘው ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ፊት ለፊት ካለው መሳቢያ በስተጀርባ ነው። መሳቢያውን ሲያወርዱት ጠባብ ክዳን ያገኛሉ፤ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ቦታው ከጅምሩ ባዶ ስለሚሆን፣ ባዶ ካገኙት የሚገጥመውን ገዝተው ያስገቡ። ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት ትክክለኛውን አቀማመጥ ስለሚያሳይ እንዳይገለብጡት። ከዚያ በኋላ መስኮቶቹን ከፍተው ማራገቢያውን በሙሉ ኃይሉ ለጥቂት ደቂቃ ያሠሩት፤ ቱቦዎቹ ውስጥ የቆየው አቧራ በዚያ ይወጣል።