ትኬት መሸጥ የሚያስጠላው ስፖርት ማኔጅመንት አይማር

«ተምረህ ስትወጣ ምን ልትሆን ነው?» ልጅ ስፖርት ማኔጅመንት ልማር ሲል ከወላጅ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ይሄ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን አባት ከሚፈራውም ልጅ ከሚያልመውም ይለያል። አብዛኛው ተመራቂ አሰልጣኝም የተጫዋች ወኪልም አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ለጀማሪ ቶሎ የሚከፈተው የክለብ በር የትኬት ሽያጭ ክፍል ነው፦ በቀን ከ60 እስከ 100 ስልክ መደወል፣ አነስተኛ መነሻ ደሞዝ፣ የቀረው ኮሚሽን። ብዙዎች በመጀመሪያው ዓመት ትተውት ይወጣሉ። የጸና ወደ ስፖንሰርሺፕ፣ ወደ ዝግጅት ክፍል ወይም ወደ መረጃ ትንተና ይሻገራል። ስልክ አንስቶ የማያውቀውን ሰው ማናገር የሚጨንቀው ልጅ አራት ዓመት ከመክፈሉ በፊት ይህን ይወቅ።

ትምህርቱ ራሱ የተወለደው ከክለብ ባለቤት ችግር ነው። የዶጀርስ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት ዋልተር ኦማሊ፣ ክለብ የሚያስተዳድር የተማረ ሰው ከየት ይገኛል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፕሮፌሰር ጄምስ ሜሰን ጻፈ፤ በ1966 ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የማስተርስ ፕሮግራም ከፈተ። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ደግሞ በ1971 ተከተለ። እነዚህ ሁለቱ ስማቸው ይሠራል፤ ተመራቂዎቻቸው በየክለቡ ተቀምጠው የራሳቸውን ትምህርት ቤት ልጅ ስለሚስቡ ነው። ከእንደነዚህ ውጭ ከስሙ ይልቅ የዩኒቨርሲቲው ቦታ ይበልጣል። ከስታዲየም አርባ ደቂቃ የራቀ ተማሪ በሳምንት ሦስት ማታ ይሠራል፤ አራት ሰዓት የራቀ ግን ክረምትን ይጠብቃል። ኮስማ የሚባል የዕውቅና ሰጪ አካል አለ፤ መኖሩ አይጎዳም፣ ቀጣሪ ግን እሱን ጠይቆ አይቀጥርም።

ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላለው ሕዝባችን ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ከኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተነስቶ አድቫንስ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መሻገር ይቻላል፤ ሜሰን ስፖርት ማኔጅመንት በባችለር ያስተምራል። ሚኒሶታ ያላችሁም እዚያው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አለላችሁ። ባችለር በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው፤ ግማሹን በኮሚኒቲ ኮሌጅ ዋጋ መጨረስ ወጪውን በጣም ያቀለዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ክሬዲቱ «ተቀባይነት አገኘ» ማለት ለዋናው ትምህርት ተቆጠረ ማለት አይደለም። እንደ ትርፍ ምርጫ ተመዝግቦ ልጁ ያንኑ ኮርስ ደግሞ ሲከፍል ይገኛል። ስለዚህ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገና ሲገባ፣ የሚሻገርበትን ዩኒቨርሲቲ የኮርስ ዝርዝር ይዞ አማካሪው ፊት ይቀመጥ፤ መልሱንም በኢሜይል ይቀበል።

የኢንተርንሺፑ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። ብዙ ፕሮግራሞች ለመመረቅ ጥቂት መቶ ሰዓት የሚፈጅ የተግባር ሥራ ያስገድዳሉ፤ ሥራው ደግሞ ክሬዲት አለው፣ ክሬዲት ደግሞ ይከፈልበታል። ልጁ ያለ ደሞዝ እየሠራ ለዩኒቨርሲቲው የ12 ክሬዲት ክፍያ ሊከፍል ይችላል፤ ቦታው ሌላ ከተማ ከሆነ የቤት ኪራይም አለ። ከመመዝገብ በፊት ዲፓርትመንቱን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት የት ሠሩ? ስንቶቹ ተከፈላቸው? ከስድስት ወር በኋላ በዘርፉ ያሉት ስንት ናቸው? በቁጥር የማይመልስ ፕሮግራም የሚያምር ብሮሹር ስላለው ብቻ አይመረጥ።

ገንዘቡን በተመለከተ የመኖሪያ ወረቀታችሁ ዓይነት ይወስናል። በዲቪ ግሪን ካርድ ያገኘ፣ ጥገኝነት የተፈቀደለትና በስደተኝነት የገባ ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሞልቶ የፌዴራል እርዳታ ያገኛል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልታየለትና በቲፒኤስ (በጊዜያዊ ከለላ) ያለ ግን አያገኝም፤ እሱ ስቴቱና ኮሌጁ ራሳቸው የሚሰጡትን ይፈልግ። ከአገር ቤት በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ለሚመጣ ደግሞ ይህን እንወቅ፦ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ 12 ወር ነው፤ ስፖርት ማኔጅመንት በሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርቶች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ፣ በዝርዝሩ ላሉት የሚሰጠው የ24 ወር ጭማሪ አይደርሰውም። በዝርዝሩ ያለ የመረጃ ትንተና ፕሮግራም ተምሮ ሥራውን ስፖርት ላይ ማድረግ ለእንዲህ ያለው ተማሪ ብልህነት ነው። «በነፃ ነው የማገለግለው» ብሎ ለትርፍ በሚሠራ ክለብ ውስጥ መግባትም ቪዛውን ሊያበላሽበት ይችላል፤ መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ያማክር።

ማስተርስ? ረዳትነት ካልተገኘ በብድር አይማሩት። ረዳትነት ማለት በሳምንት ወደ 20 ሰዓት በዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል እየሠሩ የትምህርት ክፍያ ተሸፍኖ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ማግኘት ነው። ሥራውም ልምዱም እዚያው ይገኛል።

ከኮርሶቹ ውስጥ የስፖርት ሕግ፣ ፋይናንስና የስታዲየም አስተዳደር ክብደት አላቸው። «የስፖርት ሶሲዮሎጂ» ደስ ይላል፣ ሥራ ግን አያስቀጥርም። ከጎኑ አካውንቲንግ ወይም ስታትስቲክስ ይያዝ፤ ኤክሴልን ከልብ ይወቅ፣ ከዚያ ከመረጃ ቋት መረጃ ማውጫ ቋንቋ የሆነውን ኤስኪውኤል። ብዙ ክለቦች የደንበኛ መዝገባቸውን በሴልስፎርስ፣ የትኬት ሥራቸውን በአርክቲክስ በሚባሉ ሶፍትዌሮች ነው የሚይዙት፤ አንዱን እንኳ የነካ ልጅ ከሌላው ይቀድማል። ሕግ የሚወድ ደግሞ የኮሌጅ ስፖርትን ይመልከት። ከሐምሌ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገቢ ማግኘት ይችላል፤ በ2025 ደግሞ ኮሌጆች ራሳቸው ለተጫዋቾች ገቢ እንዲያካፍሉ የሚፈቅድ ስምምነት በፍርድ ቤት ጸደቀ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ኮሌጅ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይህን ሁሉ ውል የሚከታተለው የደንብ ቁጥጥር ክፍል ነው፤ ማንም አያልመውም፣ ሥራ ግን አለው።

የኛ ልጆች ሌላው የሌለው ሀብት አላቸው፦ ማኅበረሰቡ። ክለቦች የቡድን ትኬት የሚሉትን ለቤተ ክርስቲያን፣ ለዕድርና ለማኅበር ይሸጣሉ። ተማሪው ለክለቡ «አንድ ምሽት ለኢትዮጵያውያን እናድርግ፣ ሰው እኔ አመጣለሁ» ብሎ ቢቀርብ ይሰሙታል። ለምሳሌ 150 ሰው በ24 ዶላር 3,600 ዶላር ነው፤ ለጀማሪ ጥሩ ሽያጭ። የሚያበላሸውም ይታወቃል። ሰው ሁሉ «እሺ እንመጣለን» ይላል፣ ሳምንቱ ሲደርስ ግማሹ ይቀራል፤ ስለዚህ ስም አይቆጠር፣ የተከፈለ ገንዘብ ይቆጠር፣ የመክፈያው ቀንም ክለቡ ከሚጠይቀው አሥር ቀን ይቅደም። ዓርብ ምሽት ከተያዘ ጾም ነው፣ ስታዲየሙ የሚሸጠው ሆት ዶግ ነው። በዐቢይ ጾም ከተያዘ ጭርሱን አይሞከር። ሕፃናት ስንት ዓመት ድረስ በነፃ ይገባሉ የሚለው አስቀድሞ ይጻፍ፣ አለዚያ በር ላይ ጭቅጭቅ ነው። ሲያልቅ ሪዙሜው ላይ «በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ» ተብሎ አይጻፍ፤ «የ150 ሰው የቡድን ትኬት ሸጥኩ፣ 3,600 ዶላር ገቢ አስገባሁ» ተብሎ ይጻፍ።

እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ውድድርም ሌላ ትምህርት ቤት ነው። የሜዳ ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ ዳኛ፣ የነጋዴዎች ድንኳን፣ የትኬት በር፣ ሁሉም እዚያ አለ። በየከተማው ያሉት ቡድኖች ሒሳብ የሚይዝና ለማልያ ስፖንሰር የሚያፈላልግ ወጣት አይጠሉም። ቤዝቦል በመጋቢት መጨረሻ ስለሚጀምር ክለቦቹ ሰው የሚፈልጉት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ማስታወቂያውን ቲምወርክ ኦንላይን በሚባለው የስፖርት ሥራ ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል። በሚያዝያ ሪዙሜ የሚልክ ዘግይቷል።

ወኪል መሆን ለሚመኝ፦ ለፊፋ ፈቃድ ዲግሪ አይጠየቅም። በ2023 የተመለሰው ፈተና 20 ምርጫ ጥያቄ አለው፣ አንድ ሰዓት ይሰጣል፣ ማለፊያው 75 በመቶ ነው፤ ደንቡን ገልጦ እያዩ መሥራት ይፈቀዳል። ቀላል የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ደንቡን አስቀድሞ ያላነበበ ግን ገጽ ሲያገላብጥ ሰዓቱ ያልቅበታል። ፈተና ማለፍ ተጫዋች አያመጣም። የሯጮች ወኪልነት ፈቃድ ደግሞ ከዓለም አትሌቲክስ የሚገኝ ሌላ ነገር ነው።

አውሮፓ ያላችሁ፣ የኮሎኝ የስፖርት ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ስለሆነ ክፍያው ቀላል ነው፤ የባችለሩ ትምህርት ግን በጀርመንኛ ነው። የፊፋ ማስተር የሚባለው በሌስተር፣ በሚላንና በነሻቴል እየተዘዋወሩ የሚማሩት ነው፤ ውድና ፉክክር የበዛበት ስለሆነ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ማመልከቱ ይሻላል።

አገር ቤት ገብቶ መሥራት የሚያስብም አለ። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ሰው የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። ዕድሉ ያለው እግር ኳስ ቢሮ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ዝግጅት ራሱን የቻለ ሥራ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ብሔራዊ ቡድናችን ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓመታት የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት የኖረው ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ ነው። መስፈርቱ ሣር ብቻ አይደለም፦ የመልበሻ ክፍል፣ የመብራት ኃይል፣ የተመልካች ወንበር፣ የመግቢያና የአደጋ መውጫ በር ይቆጠራል። የስታዲየም አስተዳደር ኮርስ የሚማር ልጅ የሴሚስተር ሥራውን በዚህ ዝርዝር ላይ ቢያደርገው፣ አገር ቤት ሲገባ ከዲግሪው በፊት የሚያሳየው እሱን ነው።