ንቃተ ህሊና እና ኳንተም፦ ከአንድ የሰመመን ባለሙያ ለወጣቶች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ያለቀው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ፣ ሰው እያስተኛሁና እየቀሰቀስኩ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ እስከ ጣና ዳር ካፌዎች «ንቃተ ህሊና ኳንተም ነው» ስትባባሉ ስሰማ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ኳንተም ማለት እንደ አተምና ኤሌክትሮን ያሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የሚመሩበት የፊዚክስ ሕግ ነው።

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንግሊዛዊው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ሮጀር ፔንሮዝና እንደኔው የሰመመን ሰው የሆነው አሜሪካዊው ሐኪም ስቱዋርት ሃመሮፍ አንድ መላ ምት አቀረቡ። በነርቭ ሴሎች ውስጥ ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉ። ንቃተ ህሊና የሚመነጨው እዚያ ከሚካሄድ የኳንተም ሂደት ነው አሉ። በነገራችን ላይ ፔንሮዝ በ2020 ኖቤል የተሸለመው በጥቁር ጉድጓድ ሥራው ነው፤ በዚህ አይደለም።

ችግሩ ሙቀት ነው፤ ስስ የሆነውን የኳንተም ሁኔታ ይበትነዋል። ብዙ የኳንተም ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ በሚጠጋ ብርድ ነው። አንጎላችን ግን 37 ዲግሪ የሞቀ፣ እርጥብ ነገር ነው። የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቴግማርክ በ2000 ሲያሰላው፣ የኳንተም ሁኔታ አንጎል ውስጥ ሰከንድ ለ10 ትሪሊዮን ተከፍሎ አንዱ እጅ በሚያህል ወይም ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይበተናል። ነርቭ ደግሞ መልእክት ለመላክ ቢያንስ የሰከንድ ሺህኛ ያህል ይፈልጋል። እነ ሃመሮፍ «ያሰላኸው የእኛን ሞዴል አይደለም» ብለው መለሱ። እኔ እንዲህ በቁጥር የሚካሄድ ጭቅጭቅ ደስ ይለኛል።

«ኤሌክትሮን ሰው ሲያየው ይቀየራል፤ ስለዚህ ሐሳብህ ዓለምን ይቀይራል» የሚሏችሁን ግን አትስሟቸው። ወሬው የመጣው ኤሌክትሮን በሁለት ቀዳዳዎች ፊት ከሚለቀቅበት ሙከራ ነው፤ ግን በየትኛው ቀዳዳ እንዳለፈ የሚመዘግበው መሣሪያ ነው እንጂ የሰው ሐሳብ አይደለም። ሁላችንም ተኝተን ብናድርም ውጤቱ ያው ነው። የፊዚክስ ሊቁ ዩጂን ዊግነር በ1961 በእንዲህ ያለው ልኬት ንቃተ ህሊና ሚና አለው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ኋላ ራሱ ተወው።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። የሰመመን መድኃኒቱ ኬታሚን አንጎል ውስጥ ኤንኤምዲኤ የተባለውን የነርቭ መልእክት ተቀባይ ይዘጋል። ሌላው የሰመመን መድኃኒት ፕሮፖፎል ደግሞ ጋባ የተባለውን የሚያረጋጋ መልእክት ያጠነክራል። ተራ ኬሚስትሪ ነው። ኬሚስትሪም ከሥሩ ኳንተም ነው ትሉኛላችሁ፤ እንዲያማ ከሆነ የምሳዬ ሽሮም ኳንተም ነው! ግን በኬታሚን የተኛው በሽተኛ ብዙ ጊዜ ዓይኑ እንደተከፈተ ይቀራል። ሲነቃ «ከሰውነቴ ወጥቼ ነበር» የሚል አለ። ያ «እኔ» የሚለው ስሜት እንዴት ሄዶ እንዴት እንደሚመለስ ሳይንስ ሙሉ መልስ የለውም። በኳንተም ስም የሚነግደው ሾልኮ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው።

ስለዚህ «የኳንተም አስተሳሰብ ስልጠና» ስልካችሁ ላይ ሲመጣ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት አሰልጣኙን ጠይቁት፦ ምን ቢለካ ነው ተሳስቻለሁ የምትለው? ፔዳና ፖሊ ግቢ የምትማሩ ደግሞ ኳንተም የሚጻፍበትን ሒሳብ፣ ሊኒየር አልጀብራውን፣ አትሽሹት፤ ያለሱ ኳንተም ወሬ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የእነ ፔንሮዝን መላ ምት ብታምኑበት ቅር አይለኝም። እንዲያውም መጥታችሁ አስረዱኝ፤ የቱቦዎቹ ነገር እስካሁን ያጓጓኛል።