ዜሮ አትጻፉበት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፗን አቅፋ መጣች። ሲቪዋን እንድመለከትላት ፈልጋ ነው። እኔ ስለ ሲቪ ብዙም አላውቅም። በእኛ ጊዜ ሥራ የሚገባው በአንድ ገጽ ማመልከቻና በጉርድ ፎቶ ነበር። ግን ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ፈት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አልከፋኝም። ቡናም ሰው ሲኖር ነው የሚጥመው።

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምን ልበል?» አለችኝ።

ታሪኳን ታውቁታላችሁ። የእኩዮቿ፣ የብዙዎቻችሁ ታሪክ ነው። 12ኛ ክፍል ሳለች መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘጋ። ፈተናው ወደ ቀጣዩ ዓመት ተሻገረ። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አገሩ ጦርነት ላይ ነበር። ትንሽ ተረጋጋ ሲባል ነሐሴ 2015 መጣ። የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ እሷም እቤት ቁጭ ብላ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ስትጠብቅ ወራት ነጎዱ። እንደ ምንም የመውጫ ፈተናውን አልፋ አምና በአካውንቲንግ ተመረቀች። አሁን ሲቪው ላይ ሁለት ቦታ ክፍት ሆኖ ይታያል። ያሳፍራታል።

መፍትሔም ይዛ ነው የመጣችው። «አጎቴ ሱቅ አለው፤ ማህተምም አለው። ያኔ እኔ ጋ ሒሳብ ትሠራ ነበር ብሎ የሥራ ልምድ ይጽፍልኛል።»

«ሠርተሻል?» አልኳት።

«አልሠራሁም። ታዲያ ዜሮ ብዬ ልጻፍ እንዴ ጋሼ? እነዚያ ዓመታት እኮ ዜሮ ናቸው።»

ይህቺ «ዜሮ» የምትል ቃል ወደ ሐምሌ 1973 መለሰችኝ። ይህን ደብዳቤም ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም እንድጽፍ ያደረገችኝ እሷው ናት።

ሥራዬ ውሃ መለካት ነበር። የጀመርኩት በ1972፣ በ22 ዓመቴ ነው። ጣና ዳር ጌጅ የምንለው ነገር አለ። በሴንቲ ሜትር የተሸነሸነ ረጅም ሰሌዳ ነው፤ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይተከላል። ጠዋትና ማታ ሄዶ ውሃው የት እንደደረሰ ማንበብ፣ ደብተር ላይ መጻፍ። በቃ። እናቴ «ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፍሉህ?» ብላ ስቃብኛለች። ጣና ግን ለማንም ዝም ብሎ አይቆምም። ጠዋት ረጋ ይላል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ሰሌዳውን ይደበድበዋል። ያኔ የወጣበትን ታያለህ፣ የወረደበትን ታያለህ፣ መሀሉን ትይዛለህ። ደብተሩን በደረትህ ከልለህ በእርሳስ ትጽፋለህ። ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳላ።

በዚያ ሐምሌ አክስቴ አረፈች። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ማንንም ሳላስፈቅድ በሌሊት ተነስቼ ወደ አገር ቤት ሄድኩ። ክረምት ነው፤ ወንዝ ሞልቶ መመለሻ አጣሁ። አራት ቀን ቀረሁ። ስመለስ ደብተሩ አራት ቀን ባዶ ነው። ፈራሁ። ከመሄዴ በፊት የነበረው ቁጥር 2 ሜትር ከ31 ነበር። የተመለስኩ ዕለት 2 ሜትር ከ41 አነበብኩ። እኔ ብልጡ ልዩነቱን አካፈልኩት። 33፣ 35፣ 37፣ 39 ብዬ ሞላሁት። ጽሑፌንም ከወትሮው አሳምሬው ነበር።

ወሩ ሲያልቅ አለቃዬ ደብተሩን ሲያገላብጡ ያቺ ገጽ ላይ ቆሙ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ነበሩ።

«ይህን ያነበብከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ጣና በሐምሌ ሁለት ሁለት ሴንቲ እየቆጠረ ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?»

ላቤ መጣ። ሁሉንም አውጥቼ ነገርኳቸው። የምባረር መስሎኝ ነበር። እርሳሱን ተቀበሉኝና በአራቱ ቁጥሮች ላይ አንድ አንድ መስመር አሰመሩ። ላጲስ አልነኩም። ከመስመሩ ሥር የጻፍኩት ውሸት ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ከጎኑ «አልተነበበም» ብለው ጻፉ። ቀኑን ጻፉ። እኔን አስፈረሙኝ።

ሞኝነቴ ግን አላለቀም። «ታዲያ ዜሮ ልጻፍበት?» አልኳቸው።

የተቆጡት ያኔ ነው። «ዜሮ ማለት እኮ አየሁ ማለት ነው! ሄጄ አየሁ፣ ውሃው ሰሌዳው እግር ሥር ወርዷል ማለት ነው። አንተ አላየህም። ባዶ ተወው!»

ማታ ቤት ገብቼ አሰላሁት። የወሩ አማካይ 2 ሜትር ከ40 ነው እንበል። ከ30 ቀን በአራቱ ላይ ዜሮ ብጽፍ አማካዩ ወደ 2 ሜትር ከ8 ይወርዳል። 32 ሴንቲ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባዙት። አንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ በአራት ዜሮ ተነነ። ባዶ ብተወው ግን አማካዩ በ26ቱ ቀን ይሰላል። ጣናም እዚያው ጣና ሆኖ ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። እሷ ግን ዋዛ አይደለችም።

«ጋሼ፣ የእርስዎ አለቃ አዋቂ ነበሩ። የዛሬ ቀጣሪ ክፍተት ካየ ወረቀቱን ወደ ጎን ነው የሚወረውረው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እዚህ ላይ ለእናንተም የምሰጠው ዋስትና የለኝም። ማህተም ያለው አጎት ሁሉ ቤት አለ፤ በዚያ ወረቀት የተቀጠሩ ልጆችም አውቃለሁ። አንዳንዶቹ ጥሩ ሠራተኞች ሆነዋል። ዋሽተው በገቡበት ሥራ ግን በየጊዜው ያንን ዓመት ሲጠየቁ አይቻለሁ። «እዚያ ሳለህ የቫቱን ነገር እንዴት ነበር የምትይዙት?» ይላቸዋል አንዱ፣ በክፋት ሳይሆን እንዲሁ በጨዋታ። ከዚያ በውሸቱ ላይ ሌላ ውሸት መጨመር ነው። እንደኔ 33፣ 35፣ 37።

«እስቲ ያየሽውን ብቻ እንጻፍ» አልኳት። ወረቀት አወጣን። ኮምፒውተሩን ዘጋነው፤ ባትሪውም አልቆ ነበር፣ መብራትም አልነበረም።

በ2012 ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ወራት ምን እንዳደረገች ጠየቅኳት። «ምንም። ተኛሁ። ግድግዳ አየሁ። ስልክ ላይ አፈጠጥኩ» አለች። እሺ፤ እሱን ባዶ ተውነው። ከባዶነቱ ትምህርት እንድታወጣም አልጠየቅኳት። አንዳንድ ወር እንዲሁ ነው። እኔም ጡረታ በወጣሁ በ2010 ስድስት ወር ያህል ሬዲዮ ከማዳመጥ ሌላ ያደረግኩትን አላስታውስም። ሚስቴ ስትጠየቅ «እቤት ነበር» ብላ ነው የምታልፈው።

ወደ 2016 ስንመጣ ነገሩ ተለወጠ። ኢንተርኔት የለም፣ ጥሪ የለም፣ ቤት ውስጥ ግን እንጀራ አለ። እናቷ እንጀራ ጋግራ ለሰፈሩና ለሁለት ምግብ ቤቶች ትሸጣለች።

«አንቺስ?»

«እኔማ ሒሳቡን እጽፍላት ነበር። ደብተር ላይ።»

«የታለ ደብተሩ?»

ሮጣ አመጣችው። ሽፋኑ ላይ ሊጥ ደርቆ እንደ ካርታ ሆኗል። ውስጡ ግን ንጹሕ ነው። ማን ስንት እንጀራ ወሰደ፣ ማን ከፈለ፣ ማን በዱቤ ነው፣ የጤፍ ዋጋ በየሳምንቱ ስንት ገባ፣ የማገዶው ለብቻ። ወር ወር ደምራዋለች። አንድ ቦታ ላይ ቁጥር መሆን በሚገባው መስመር «አላውቅም፣ እማዬን ልጠይቅ» ብላ ጽፋለች። ሁለት ገጽ ገልጬ ስመጣ መልሱ ከነቀኑ አለ። አለቃዬ ቢያዩት በዕለቱ ይቀጥሯት ነበር።

«ይሄ ታዲያ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ይሄማ የእማዬ ነው» አለች።

ሒሳብ ያጠና ሰው ዓመት ሙሉ ሒሳብ ይዞ፣ ሒሳብ ያዝኩ ለማለት የአጎት ማህተም ይፈልጋል። ተናድጄ ሳቅኩ። «በቤተሰብ የእንጀራ ሽያጭ የዕለት ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ የዱቤ ክትትል» ብለን ጻፍነው። ደብተሩንም ለቃለ መጠይቅ ከተጠራች ይዛው እንድትሄድ መከርኳት። ሊጡን እንዳትፍቀው አስጠነቀቅኳት።

እውነተኛ ደብተር ምን እንደሚሠራ እኔ ራሴ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በ1995 ጣና ሸሸ። ዝናቡ አንሶ ነበር፤ በዚያ ላይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ መቆጣጠሪያው ተሠርቶ ለጢስ ዓባይ መብራት ማመንጫዎች ውሃ ይለቀቅ ነበር። ሰኔ ላይ ትላልቆቹ ጀልባዎች ቆሙ። ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገሉ፣ ደረቅ ላይ ቀረ። ውሃ በነበረበት ሰዎች ሲያርሱ አየሁ። ያኔ መሥሪያ ቤት የመጣ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከዚህ በፊት እንዲህ ወርዶ ያውቃል?

ለዚህ ጥያቄ በአፍ መልስ የለውም። ሽማግሌ ብትጠይቁ አንዱ «በልጅነቴ ከዚህም ወርዶ ነበር» ይላል፣ ሌላው ይምላል ይገዘታል፣ አልወረደም ይላል። ደብተሮቹን አውርደን አቧራ እየጠረግን ቁጭ አልን። ስናገላብጥ የኔዋ ገጽ መጣች። አራት መስመር። «አልተነበበም»። ፊርማ። አብሮኝ የነበረው ወጣት ባለሙያ አየት አድርጎ «ይሄኛው አንባቢ ታማኝ ሰው ነበር፤ የሱን ዓመታት ሳንጠራጠር እንውሰድ» አለ። የማን ፊርማ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ያ ጊዜ ወሰደብን ስትሉ እሰማለሁ፤ ወስዶባችኋል። በሃያ ዓመታችሁ መሆን የነበረባችሁ ቦታ ሳትሆኑ ሃያ አራት ሞላችሁ። አላስተባብልም። ግን ሄዳችሁ ያላያችሁትን ቀን ዜሮ ብላችሁ አትደምሩት፤ አማካያችሁን ታበላሻላችሁ። በአጎት ማህተም፣ በፈጠራ ቁጥርም አትሙሉት። ሰረዝ አድርጉበትና በማግስቱ ወደ ሰሌዳው ሂዱ።

ስለ ራሴ የሰሞኑ ኑሮ ትንሽ ልበል። ዛሬም ደብተር አለኝ። ጠዋት ጠዋት ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ የፈቀደውን ያህል። ያየሁትን አንድ ሁለት መስመር እጽፋለሁ። ደንገል የጫነች ታንኳ። የቆሮሶ ዓሣ ዋጋ። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ላይ ማታ ማታ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ የጻፍኩት አንድ መስመር አለ፦ «የኔም ውሃ እዚያ ደርሷል»። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ድንበር ከሚሻገረው ከአሥር አንዱን እንኳ አይሞላም፤ ቢሆንም የለካሁት እኔ ነኝ። ግድቡ በ2003 ሲጀመር ይህቺ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ነበረች።

ተስፋዬ ብዙ አይደለም። በ2004 ግድም ሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ አረም ጠፍቶ ማየት እፈልጋለሁ። በጀልባ ደቅ ደሴትን አልፌ እስከ ጎርጎራ አንድ ጊዜ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ሚስቴ ማዕበል ትፈራለች፣ እሷን ማሳመን ከእምቦጩ ይብሳል። የልጅ ልጄ ዋና እንድትማር እፈልጋለሁ። እኔ ጣና ዳር ሠርቼ የተማርኩት በ40 ዓመቴ ነው፤ ይህንን ለማንም አትንገሩ።

አሁን ጥቅምት ነው። ሐይቁ ሞልቷል። ዝናቡ የበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነበር፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡት ውሃ ተጠራቅሞ ሐይቁ ጫፍ የሚደርሰው ግን ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው። በነሐሴ ጃንጥላ ይዞ ጌጁን ያየ ሰው «ይህ ሁሉ ዝናብ የት ገባ?» ይላል። እኔም የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብያለሁ።

ሐሙስ ዕለት ጉልበቴ አሞኝ አልወጣሁም። ደብተሬ ላይ ሐሙስ ሰረዝ ነው። ዓርብ ወጣሁ፤ ንፋስ ነበር። ልጅቷ ሲቪውን ሦስት ቦታ አስገብታለች። እስካሁን የደወለላት የለም። እሱንም ጽፌዋለሁ።