ቦታ ልቀቁ፦ ለወጣት አቀናባሪዎችና ዜማ ደራሲዎች

ልጆቼ፣

ለሌላ ሰው ድምፅ ዜማ መድረስና ሙዚቃ ማቀናበር ከጀመርኩ አርባ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ካሴት ሸክላን ሲተካ፣ ሲዲ ካሴትን ሲያባርር፣ ከዚያ ደግሞ ዘፈን ሁሉ ስልክ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ቤቴ ስትመጡ አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ መሣሪያና ስለ ሶፍትዌር ነው። እሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ዘግይቶ የገባኝን አንድ ነገር ነው፤ እሱም ለሌላው ቦታ መልቀቅ ነው።

ሙያውን የጀመርኩት በሰዓት እላፊ ዘመን፣ በሆቴል ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እየተጫወትኩ ነው። ታዳሚው ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እስኪነጋ ማንም አይወጣም። እኛም እስኪነጋ እንጫወታለን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጣታችን ይዝላል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ትርፍ ነገር መምታት እንተዋለን። ባንዱ ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው በዚያ ሰዓት ነበር። ይህን በጆሮዬ እሰማው ነበር እንጂ ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ቀረጻውም እንዲሁ ነበር። ባንዱ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ድምፃዊውም አብሮ እየዘፈነ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቴፕ ላይ ይገባል። አንዱ ከሳተ ሁላችንም ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከራሳችን ይልቅ ሌላውን እናዳምጥ ነበር። ዛሬ ድራሙ ሰኞ፣ ቤዙ ሐሙስ፣ ድምፁ በሚቀጥለው ወር ይገባል። ይህ አሠራር ብዙ ችግር አቃሏል፤ የመደማመጥ ልማዱን ግን እናንተ ራሳችሁ ካልያዛችሁት ማንም አያስተምራችሁም።

አንድ ቀን ከወሎ የመጣች ድምፃዊት አምባሰል በተባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት የተሠራ ዜማዬን ልትዘፍን ስቱዲዮ ገባች። እኔ ቅንብሩን በኪቦርድ ኮርድ፣ ማለትም አብረው በሚመቱ ድምፆች፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቼው ነበር፤ በሥራዬም ኮርቻለሁ። ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ አቆመች። በመጨረሻ «ወንድሜ፣ መንገዱን ዘጋህብኝ» አለችኝ። ጥግ ላይ ተራውን ይጠብቅ የነበረ አንድ ሽማግሌ ባለመሰንቆ ማንንም ሳይጠይቅ ያጅባት ጀመር። በዚያች አንድ ክር ተከተላት፤ ስትረዝም አረፈላት፣ ስታርፍ መለሰላት። እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። ዘፈኑም እንደዚያው ተቀረጸ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን በኖታ መረመርኩት። አምባሰልን ከዶ ብንጀምረው ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ቤሞል ናቸው። ቤሞል ማለት ድምፁ በግማሽ ዝቅ ሲል ነው። ሚም ሚ ቤሞልም የለውም። እንግዲህ በዶ ላይ የተለመደውን የፈረንጅ ኮርድ፣ ዶ፣ ሚ እና ሶልን፣ ስናስቀምጥ፣ ሜጀር ቢሆን ማይነር፣ ቅኝቱ የማያውቀውን ድምፅ እናስገባበታለን። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ደግሞ ይብሳል፤ ሶልም የለውም። ድምፃዊቷ ይህን በኖታ አታውቀውም፤ ጉሮሮዋ ግን ያውቀዋል። ኮርድ አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም። እነ ነርሲስ ናልባንዲያን፣ አርመናዊው የሙዚቃ ደራሲና አስተማሪ፣ ለአገራችን ዜማ ኅብረ ድምፅ ለማበጀት ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል፤ እኛም ያን በር ተከትለን ነው የገባነው። የምለው፣ ከመሙላታችሁ በፊት ቅኝቱ ራሱ ባዶ የተወውን ቦታ ፈልጉ ነው።

ለዚህ ሙያ ልክ ስፈልግ ወደ ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ እመለሳለሁ። በሸክላው ዘመን በራሱ ድምፅ ያስቀረጸው አራት ዘፈን ብቻ ነው፤ ለሌሎች ያቀናበረው ግን ከ60 ይበልጣል። ያን ዘመን ከወደዳችሁት፣ ስሙን ሳታውቁ የወደዳችሁት ብዙ የእሱ ሥራ አለ። በ1973 ዓ.ም. ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ለረጅም ዓመታትም ከመድረክ ርቆ ኖረ። በ2009 ዓ.ም. አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም ሲያወጣ ሰማሁት። ጣቱ አሁንም አይቸኩልም። ደስታዬ ግን ከቁጭት ጋር ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት የት እንዳለ እንኳ ስንቶቻችን ጠየቅን?

ቦታ መልቀቅ በስምም ነውና ወደዚያ ልለፍ። ግጥም የሚጽፍልኝ አንድ ወዳጅ ነበረኝ። በዚያ ጊዜ ግጥምና ዜማ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ያለ ወረቀት። አንዱ ካሴታችን ሲታተም ሽፋኑ ጠበበ ተብሎ የእሱ ስም ተሰረዘ፣ የእኔ ብቻ ታተመ። ለአሳታሚው መናገር ስችል ዝም አልኩ። ወዳጄ ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ልጁ ቤቴ መጣች። ታክሲ ውስጥ የሰማችውን ዘፈን እናቷ «የአባትሽ ነው» ብላታለች፤ እሷም እውነት መሆኑን ልታረጋግጥ ነው የመጣችው። እውነት ነው አልኳት። የምታሳየው ወረቀት ጠየቀችኝ። አልነበረኝም።

ዛሬ ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ከባልደረቦቹ ጋር አውታር የተሰኘውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ የጀመረው ባለሙያው ከሥራው እንዲያገኝ ነው። ነገር ግን ሕጉም መተግበሪያውም ያልተጻፈ ስም ሊያገኙ አይችሉም። ስለዚህ ቀረጻው ባለቀበት ቀን፣ ገና ከስቱዲዮ ሳትወጡ፣ ግጥሙን ማን እንደጻፈ፣ ዜማውን ማን እንደሠራ፣ ዋሽንቱን ማን እንደነፋ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ጓደኛሞች ብትሆኑ እንኳ፤ በተለይ ጓደኛሞች ከሆናችሁ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ደብተር ገዛሁ። የሠራኋቸውን ዘፈኖች አንድ በአንድ እያስታወስኩ አብረውኝ የደከሙትን ሁሉ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ የአባቷ ነው፤ ፈርሜበት ግልባጩን ሰጥቻታለሁ። የብዙዎቹን ስም አግኝቻለሁ። የዚያን ባለመሰንቆ ስም ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም፤ በዚያ ቀን አልጠየቅኩትምና። ገጹን ከፍቼ ትቼዋለሁ። ከእናንተ መካከል አባቱ ወይም አያቱ በዚያ ዘመን ለካሴት ቀረጻ መሰንቆ ይመታ የነበረ ካለ፣ ዛሬ ማታ ይጠይቅልኝ። ድምፃዊቷ ሦስት ጊዜ አቁማ ነበር፤ እሱ ግን ተራው ሳይደርስ ነው የጀመረው።