አሮጌውን ጂሲሲ አትንኪው፣ አዲሱን ጎኑ አስቀምጪው

ፒያሳ አካባቢ ካለ ቢሮ አንዲት አንባቢ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ሰርቨራችን ኡቡንቱ 20.04 ነው፣ ጂሲሲው (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር) ደግሞ 9። አዲሱ ፕሮጀክታችን የሲ ፕላስ ፕላስ 20ን ፎርማት (ጽሑፍ ማቀናበሪያውን) ስለሚጠቀም ኮምፓይል አላደርግ አለኝ። አሮጌውን አጥፍቼ 13ን ልጫን? የሒሳብ ክፍሉ ሶፍትዌርም እዚሁ ማሽን ላይ ስለሆነ ፈራሁ።»

እንኳንም ፈራሽ! እንዳታጠፊው።

13 ያስፈልግሻል ያልሽው ልክ ነው፤ ፎርማት ጂሲሲ ውስጥ የገባው 13 ላይ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። የሒሳብ ክፍሉ ሶፍትዌር አንዴ ከተጫነ በኋላ ለመሥራት ኮምፓይለር አይፈልግም። የሚፈልገው ከኮምፓይለሩ ጋር የሚመጣውን ላይብረሪ (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበትን ዝግጁ ኮድ) ነው፣ በተለይ ሊብስታንዳርድ ሲ ፕላስ ፕላስን። ብዙ ሰው ማሽኑን የሚያበላሸው ይሄን ሲነካ ነው።

እኔም አበላሽቼ አውቃለሁ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አዲሱን ልተካበት ብዬ የሲስተሙን ላይብረሪ አጠፋሁት። ወዲያው የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ አፕት ራሱ አልነሳ አለኝ፣ ለካ እሱም የተጻፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው! መጫኛው ሞቶ ምን እጭናለሁ? ያተረፈኝ ከአፕት ሥር ያለው መጫኛ፣ ዲፒኬጂ ነው። እሱ በሲ ስለተጻፈ ይሠራል፤ የላይብረሪውን ፓኬጅ ከሌላ ማሽን በፍላሽ አምጥቼ በእሱ መለስኩት። እስኪመለስ ድረስ ግን ላቤ ጠብ ሲል ነበር።

ስለዚህ አዲሱን ከሶርስ (ከምንጭ ኮዱ) ገንቢውና ለብቻው ቦታ ስጪው። ሶርስ ኮዱ ውስጥ ዳውንሎድ ፕሪሪኩዚትስ የሚል ስክሪፕት አለ፣ መጀመሪያ እሱን አስኪጂው፤ ለግንባታው የሚያስፈልጉትን የቁጥር ስሌት ላይብረሪዎች፣ ጂኤምፒን፣ ኤምፒኤፍአርንና ኤምፒሲን፣ ራሱ ያወርድልሻል። ከዚያ ለግንባታው ሌላ ባዶ ፎልደር ክፈቺ፣ ሶርሱ ውስጥ አትገንቢ። ኮንፊገር ስታደርጊ (ግንባታውን ስታዘጋጂ) ፕሪፊክሱን፣ ማለትም የሚጫንበትን ቦታ፣ /ኦፕት/ጂሲሲ-13 በዪው፣ መልቲሊብን (የ32 ቢት ላይብረሪዎችን አብሮ መገንባትን) ዲሴብል አድርጊ። ፕሪፊክሱን /ዩኤስአር እንዳታደርጊው፣ አደራ፤ የሲስተሙ ፋይሎች ላይ ይጽፍባቸዋል። ግንባታው ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሪው፣ ቢያንስ 10 ጊጋባይት ባዶ ቦታም ይኑርሽ። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ አትደንግጪ፣ ግንባታውን የሚያካሂደውን ሜክን ደግመሽ ስታስነሺው አብዛኛውን ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሲያልቅ የሲስተሙን ዲፎልት አትቀይሪ። ከርነል ሞጁሎች (እንደ ድራይቨር ያሉ የሲስተሙ ክፍሎች) በአሮጌው ስለሚገነቡ እሱ እንዳለ ይቀመጥ። ለፕሮጀክትሽ ብቻ የትኛው ኮምፓይለር እንደሚሠራ የሚወስኑትን፣ ሲሲ እና ሲኤክስኤክስ የሚባሉትን ቫሪያብሎች ወደ አዲሱ አዙሪያቸው። ሲሜክ የሚባለውን የግንባታ ማዘጋጃ የምትጠቀሚ ከሆነ የድሮውን የቢልድ ፎልደር አጥፊው፣ አለበለዚያ የቀድሞውን ኮምፓይለር አስታውሶ በእሱ ይቀጥላል፣ አንቺ ደግሞ «ለምን አልተቀየረም» እያልሽ ትደክሚያለሽ።

አሁን ኮምፓይል ያደርጋል። ስታስነሺው ግን «ጂሊብሲኤክስኤክስ 3.4.32 አልተገኘም» የሚል ስህተት ሊመጣብሽ ይችላል፤ ቁጥሩ የሊብስታንዳርድ ሲ ፕላስ ፕላስ የስሪት ምልክት ነው። ፕሮግራሙ በአዲሱ ተገንብቶ ሲነሳ የሲስተሙን አሮጌ ላይብረሪ አግኝቷል ማለት ነው፤ የኡቡንቱ 20.04 ላይብረሪ 3.4.28 ላይ ይቆማል። ኢንተርኔት ላይ «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን ለሁሉም ዩዘር ክፈቺው» የሚሉሽን አትስሚ፤ ይሄ ቫሪያብል ፕሮግራሞች ላይብረሪ የሚፈልጉበትን ቦታ ስለሚቀይር የሒሳብ ክፍሉንም ጎትቶ ያስገባዋል። ሊንክ ስታደርጊ ኤርፓዙን (ፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፈውን የላይብረሪ መንገድ) ወደ /ኦፕት/ጂሲሲ-13/ሊብ64 ስጪው፣ ያኔ አዲሱን ላይብረሪ የሚያየው ያንቺ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ይሄን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ታዲያ የሒሳብ ሶፍትዌሩ ላይ ኤልዲዲን (ፕሮግራሙ የሚጠቀማቸውን ላይብረሪዎች ከነመንገዳቸው የሚዘረዝረውን ትእዛዝ) አስኪጂና ውጤቱን በፋይል አስቀምጪ። ስትጨርሺ ድገሚውና አወዳድሪ። ከላይብረሪዎቹ የአንዱ እንኳ መንገድ ተቀይሮ ካየሽ፣ ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ሠራተኞቹ ሳይገቡ መልሺው።